አፈሙዙን ወደ ላይ ያቆምኩት እኔ ነኝ

ይህን ነገር ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። በየጾሙ መግቢያ ቀርቤ ሰው ማማቴን፣ በቅዳሴ መሀል ማንቀላፋቴን እዘረዝርና ይቺን ከምላሴ ሥር አስቀርቼ እነሣለሁ። ልጄ አታውቀውም። የልጅ ልጄ ሊያ አታውቀውም። ዛሬ ለማላውቃችሁ ለእናንተ እናገራለሁ። ለምን ብትሉ፣ እናንተ አታባብሉኝማ። የሚያውቁኝ ሰዎች "እማማ ዘነቡ እኮ ደግ ናቸው" ይላሉ። ደግ ሰው እኔ ያደረግሁትን ያደርጋል? እስቲ ስሙኝና ፍረዱ።

ነገሬ ቢንዛዛ ቻሉኝ። ተማሪ ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት ወንድሜ ሲያጠና ከጀርባው ቆሜ እያየሁ ነው። እግሬም ምላሴም መዞር ይወዳሉ። ኦስሎ ከመጣሁ ወዲህ ቴባነ የሚሉት የከተማው ባቡር ላይ ወጥቼ እስከ መጨረሻው ጣቢያ ሄጄ መመለስ ልማዴ ነው። ልጄ "የት ጠፋሽ?" ስትለኝ "ዞር ዞር ብዬ ነው" እላታለሁ። ከዚህ ነገር ግን ዞር ዞር ብዬ አላመለጥኩም።

አቶ አርነ የልጄ አማት ናቸው። ልጄ ልጃቸውን አግብታ ሊያን ወለደች፤ ሊያ ለእሳቸውም ለእኔም ያለችን አንዲት የልጅ ልጅ ናት። ሮምሶስ በሚባለው ሰፈራችን ፎቃቸው ከፎቃችን ፊት ለፊት ነው። መጋረጃ ስገልጥ መስኮታቸውን አያለሁ። ሚስታቸው ካረፉ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ሾርባ አደርስላቸዋለሁ፣ ቤቱንም አየት አደርጋለሁ። እሳቸው አማርኛ አያውቁ፣ የእኔ ኖርስክ ደግሞ ዳቦ ለመግዛት የምትበቃ ናት። ግን እንግባባ ነበር። አንዳንዴ ሳንነጋገር መስኮት ዳር ቁጭ ብለን በረዶ እናያለን።

እኚህ ሰው የጥንት ጠመንጃ ይወዳሉ። በአፈሙዙ በኩል የሚጎርሰውን ዓይነት። ባሩዱን ከላይ ያፈሱበታል፣ በቁራጭ ጨርቅ የተጠቀለለች የእርሳስ ድብልብል ያስከትላሉ፣ በረጅም ዘንግ እስከ ታች ይገፏታል፣ ከኋላ ትንሽዬ የመዳብ ቆብ ይደፉበታል። ምላጩን ሲስቡት መዶሻው ቆቧን ይመታታል፣ ብልጭ ትላለች፣ ባሩዱ ይነሣል። አንዴ ለመተኮስ ይህ ሁሉ! ዕቃ አያያዛቸውም ከዚሁ አይተናነስም። ባሩዱ በእንጨት ሳጥን ለብቻው፣ ቆቦቹ ሌላ ክፍል ለብቻቸው፣ ጠመንጃው በብረት ቁም ሳጥን ተቆልፎበት። ወደ ተኩስ ሜዳ ሲወጡ በሸራ ልብሱ ሸፍነው፣ ባዶውን፣ እንደ ታመመ ሰው ደግፈው ነው የሚያወርዱት።

ከተኩስ ሲመለሱ ያጥቡታል፣ ያደርቁታል፣ ውስጡን ዘይት ይቀቡታል። ከዚያ ገልብጠው ነው የሚያቆሙት፤ ሰደፉ ወደ ላይ፣ አፈሙዙ ወደ ታች፣ ከሥሩ ጨርቅ ተነጥፎለት። ምነው ተዘቅዝቆ? ብዬ በእጄ ምልክት ጠየቅኋቸው። ሊያ አስተረጎመችልኝ። ቀጥ ብሎ ከቆመ ዘይቱ ባሩዱ የሚያርፍበት ድረስ ይወርዳል፣ ያንን ቦታ ያረጥበዋል፣ ጠመንጃውም ይከሽፋል።

"ይቺን የረሳ ሰው ጠመንጃ መያዝ የለበትም፣ ዘነቡ" አሉኝ እየሳቁ። ያንን ሳቅ ያዙልኝ።

ሊያ ትንሽ ሳለች እሑዷ የእኔ ነበር። ቤተ ክርስቲያን እጄን ይዛ ትሄድ ነበር፣ በቅዳሴው መሀል ጭኔ ላይ ትተኛ ነበር። ጎረመሰችና እሑዷን በስተፋሯ፣ ማለት አያቷ አቶ አርነ፣ ወሰዱት። እጇ ጠቁሮ፣ ፀጉሯ ባሩድ ባሩድ ሸትቶ ትመለሳለች፤ ዓይኗ ግን ያበራል። አንድ ጊዜ የማርያም ዕለት ነበርና "አብረን እንሂድ" ብዬ ለመንኳት።

"ኔይ፣ አይሆንም እማማዬ፣ ውድድር አለን" አለችኝ። "ማርያም በየወሩ ትመጣለች፣ ይሄ በዓመት አንዴ ነው።"

ሳቀች። እሳቸውም ነገሩ ሳይገባቸው አብረው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ሆዴ ግን አልሳቀም።

ውድድሩ አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ጠመንጃ በየተራ የሚተኩሱበት ነው። ክረምቱን ሙሉ የተዘጋጁበት ነው። ከእሑዱ ውድድር በፊት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዕቃቸውን ሲያሰናዱ እዚያው ነበርኩ። ባሩዱን ለየተኩሱ እየለኩ በትናንሽ ብልቃጦች ሞሉት፤ ሜዳው ላይ ከትልቁ ዕቃ መቅዳት ክልክል ነው። ቀጥሎ የመሸከሚያውን ሣጥን ሊያመጡ ሁለቱም ወደ ምድር ቤት ወረዱ። ቁም ሣጥኑን ሳይቆልፉት ወረዱ። ያለችው ዘነቡ ናታ፤ ከዘነቡ ምን ይቆለፋል?

ጠመንጃውን ገለበጥኩት።

የዘይቱን ጠርሙስ ከመደርደሪያው አነሣሁ፣ በአፈሙዙ ጥቂት አንጠባጠብኩ፣ ሰደፉን መሬት አስነክቼ፣ አፈሙዙን ወደ ላይ አድርጌ አቆምኩት። ከዚያ ሳህን ማጠቤን ቀጠልኩ። ተመልሰው ሲመጡ አቶ አርነ ለሊያ አንድ ነገር እያጫወቷት፣ ሳያዩ፣ የቁም ሣጥኑን በር ገፋ አድርገው ቆለፉት።

ለዓመታት ለራሴ "ጠመንጃ ስለምፈራ ነው፤ ልጅቷን ላድን ብዬ ነው" ስል ኖርኩ። ውሸት! ያ ጠመንጃ ከወረቀት በቀር ምንም በስቶ አያውቅም። እኔ ቀናሁ። በአንዲት ልጅ እሑድ ቀናሁ። ሌላ ስም አልሰጠውም፣ እናንተም አትስጡልኝ።

እሑድ ቅዳሴዬን ትቼ አብሬያቸው ሄድኩ። ክፋቴ ሲሠራ ለማየት ካልሆነ ለምን ሄድኩ? ጠዋት ቁም ሣጥኑን ሲከፍቱ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነበር። ከፈቱ። አፈሙዙ ፊት ለፊታቸው ወደ ላይ አንጋጧል።

"ሊያ፣ አንቺ ነሽ?"

"ኔይ በስተፋር፣ እኔ አልነካሁትም።"

የገዛ እጃቸውን አዩ። እኔን አልጠየቁኝም፤ ልጠየቅ እንደምችል እንኳ አልታሰባቸውም። እዚያች ላይ አፌን ብከፍት ነገሩ በቁጣ ያልቅ ነበር። አልከፈትኩም። በደረቅ ጨርቅ ደጋግመው ወለወሉት፣ በሸራው ሸፍነው አወረዱት። ሊያ መንጃ ፈቃድ ያወጣች ሰሞን ነበርና መኪናውን ነዳች። እኔ ከኋላ፣ ሣጥኑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ። በየመታጠፊያው የእርሳሶቹ ድብልብሎች ይንከባለላሉ፤ እስከ ዛሬ ድምፃቸው ጉልበቴ ላይ አለ።

ሜዳው ላይ የሰው ጠመንጃ ሁሉ እየጮኸ ነጭ ጭስ ይተፋል። የእሳቸው ቆቧ ብቻ ቋ አለችና ከሸፈ። ሌላ ቆብ ደፉ፤ ከሸፈ። በወጋቸው መሠረት አፈሙዙን ከዒላማው ሳያነሡ ጠበቁ፣ በቀጭን ሽቦ ቆሰቆሱ፣ እንደገና ሞከሩ። ከሸፈ። ጊዜው አለቀ፤ ሊያ ተራዋ ሳይደርስ ቀረ። ሰዎቹ መጥተው ትከሻቸውን መታ መታ አደረጉ፣ "ያልደረሰበት የለም" አሏቸው። መሸነፉን ከምንም አልቆጠሩትም። መኪና ውስጥ ግን ለሊያ የሆነ ነገር ነገሯት፤ እሷ እንባዋ እየወረደ ተረጎመችልኝ።

"አፈሙዙን ወደ ላይ አቁሜዋለሁ ይላል። ማቆሜን ግን አላስታውስም ይላል።"

እኔ ምን አልኩ? "አይዞን" አልኩ። ጠመንጃውን የገለበጠችው ሴትዮ "አይዞን" አለች።

በሳምንቱ ጠመንጃውን ለሰው አስረከቡ። ሐኪሙ ቢመረምራቸው "ምንም የለብህም" አላቸው፤ "የመርሳት በሽታ ሲጀምር ሐኪም አያውቀውም" ብለው አላመኑትም። የመኪናውን ቁልፍ ለሊያ ሰጡ። ምድጃ መለኮስ ተዉ፤ ከእኔ ሾርባ በቀር ትኩስ ነገር አይቀምሱም። አሁን ሰዓታቸውን እያዩ "ስንት ሰዓት ነው?" ብለው ይጠይቁኛል። ዓይናቸው ደህና ነው፤ ያላመኑት ራሳቸውን ነው።

እኔስ? እንዳልዋሽ፣ ረክቼ ነበር። ሊያ እሑድ እሑድ ከጎኔ መቆም ጀመረች፣ እኔም ደስ አለኝ። እሳቸው መስኮታቸው ላይ ተቀምጠው ስንወጣ እያዩን ደስ አለኝ። ይህንንም ጻፉብኝ።

ሊያ አሁን ትምህርቷን ጨርሳ ቢየርቪካ በሚባለው የከተማው ሰፈር ትሠራለች። ባለፈው ቅዳሜ ሾርባውን ሳቀርብ ከተፍ አለች። በስሟ ፈቃድ አውጥታለች፣ የጥንቱን ዓይነት ጠመንጃ ልትገዛ ነው። በስተፋሯ ሜዳው ላይ አጠገቧ እንዲቆሙላት፣ እንዲያሳዩዋት ትፈልጋለች። አቶ አርነ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ጭንቅላቴ ወንፊት ነው፣ ልጄ። እኔ አጠገብ ባሩድ አይምጣ" አሏት። ለመነቻቸው፤ እምቢ አሉ። ዞራ እኔን አየችኝ።

"እማማዬ፣ አንቺ ንገሪው እንጂ! አንቺን እኮ ያምናል።"

"እርጅና ነው፣ ልጄ፤ ተያቸው" አልኳት።

ያን ጊዜ ጠመንጃውን ሁለተኛ ገለበጥኩት። የፊተኛውን ቅናት ነው በሉት፤ ይሄኛውን ምን ትሉታላችሁ? ፊቷ ሲጨልም እያየሁ፣ ሾርባዬን እያማሰልኩ፣ በአፌ ገለበጥኩት።

እዚህ ላይ ይበቃል። ነፍስ አባቴ ዘንድ አልሄድም፤ ወደፊት እሄድ ይሆናል፣ መጀመሪያ ግን ወደ አቶ አርነ ነው። ጾምና ስግደት ቢሰጡኝ ጉልበቴ ይደክም እንደሆን እንጂ የእኚያ ሰው ጭንቅላት መች ይመለስላቸዋል? ነገ ቅዳሜ ነው። መንገዱን ተሻግሬ እሄዳለሁ። ሊያ እንድታስተረጉምልኝ አልጠራትም። ያ ቁም ሣጥን ባዶውን እዚያው ቆሟል፤ እከፍተዋለሁ፣ ዣንጥላዬን እንደ ጠመንጃ ጫፉን ወደ ታች አቆመዋለሁ፣ እያዩኝ ገልብጬ ወደ ላይ አቆመዋለሁ። ከዚያ "ኢከ ዱ። ያይ" እላለሁ። እርስዎ አይደሉም፤ እኔ ነኝ ማለት ነው። ኖርስኬ ለዚህች ትበቃለች።

ይቅርታ አልጠይቅም። ይቅር ካሉኝ ደግ ሰው ናቸውና ነገሩ በደግነታቸው ተድበስብሶ ይቀራል። እኔ የምፈልገው እንዲቆጡ ነው። ይጩሁብኝ፣ ሾርባዬን ይድፉት፣ ከበራቸው ያባርሩኝ፤ ሊያም ትስማ፣ ትጥላኝም። ራሳቸውን ሲጠሉ ከሚኖሩ እኔን ጠልተው ይኑሩ። በእኔ ላይ እየጮሁ ሳለ ምድጃቸውን ለኩሰው የራሳቸውን ሾርባ ቢሠሩ፣ እኔ ከመስኮቴ ሆኜ ጭሱን አያለሁ።