ድንች በልቼ የገባሁበት ማኅበር

እዚህ ኖርዌይ ሕግ ልማር ዩኒቨርሲቲ በገባሁ ሰሞን፣ አዲስ ተማሪዎችን እንድታለማምድ የተመደበችልን ቀይ ፀጉር ያላት ልጅ ጠጋ ብላኝ፣ «አንቺ ለፎረኒንጉ ማመልከት አለብሽ። አፍሽ ስራ አይፈታም» አለችኝ።

ፎረኒንግ የተማሪዎች ማኅበር ነው። እሷ አባል የሆነችበት ደግሞ የራሱ አዳራሽና የራሱ መዝሙሮች ያሉት፣ በየዓመቱ ጥቂት ሰው ብቻ መርጦ የሚያስገባ አሮጌ ማኅበር ነበር። አባቶቻቸው የገቡበት ልጆች ይገቡበታል ይባላል። ከእኛ ሰፈር ከትቬይታ ሄዶ የገባ ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም። አመለከትኩ። ለቃለ መጠይቅ ጠሩኝ፤ ብዙ አሳቅኳቸው። ከዚያ የመጨረሻውን ምርጫ ወደሚያደርጉበት እራት ጋበዙኝ።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት።

«ማኅበር? የሚካኤል ነው የገብርኤል?»

«የተማሪዎች ነው፣ እማዬ።»

«እና ምን ይደገሳል? ፍልሰታ መሆኑን አትርሺ!»

አባቴ ከአልናብሩ፣ ከመጋዘን ስራው ተመልሶ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ነበር። ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «እኛን እዚህ አገር ማን ኑ ግቡ ብሎን ያውቃል? እሷን ከጠሯት ትሂድ» አለ። ነገሩ በዚሁ አለቀ።

አዳራሹ ጨለም ያለ፣ ግድግዳው በድሮ አባላት ፎቶግራፍ የተሞላ ነው። የማኅበሩ ፕሬዝዳንት ጥቁር ኮት ለብሶ፣ ደረቱ ላይ ቀይ ጥብጣብ አስሮ፣ እኛን አመልካቾቹን ከባርኔጣ ውስጥ የተጠቀለለ ወረቀት አስወጣን። አንዱ እንዲዘፍን፣ አንዱ ግጥም እንዲያነብ ደረሰው። የእኔን ስገልጠው «ስለ ምግቡ የምስጋና ንግግር» ይላል። ኖርዌዮች ድግስ ላይ ከተጋባዦቹ አንዱ መጨረሻ ላይ ተነስቶ ስለበሉት ሁሉ ያመሰግናል። ማመስገን ብቻ አይደለም፤ ማሳቅም አለበት።

የቀረበው የበግ ጥብስ ነበር፤ በክሬም የተሰራ ስጎ ተደርጎበታል። መጾሜን ስለነገርኩት የሚያስተናግደው ልጅ ለእኔ ያመጣልኝ ቅቤ ያልነካው የተቀቀለ ድንች ነው፤ ከጎኑ ዱባ የሚያክል የሰላጣ ክምር አለ።

አጠገቤ የተቀመጠው ወሬኛ አመልካች ሳህኔን አየና፣ «ቬጋን ነሽ?» አለኝ።

«እስከ ቅዳሜ ብቻ» አልኩት።

ቀይ ፀጉሯ ልጅ ወረቀቴን አይታ ኖሮ ከኋላዬ መጥታ አንሾካሾከች። «ምንም ሳትበዪ እንዴት ታመሰግኛለሽ? ላስቀይርልሽ?»

«ኔይ፣ ተይው» አልኳት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እስካሁን አላውቅም።

ሳህኖቹ ሲነሱ ብርጭቆዬን በማንኪያ መታሁ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«ክቡር ፕሬዝዳንት፣ ክቡራትና ክቡራን። ስለ በጉ እንዳመሰግን ታዝዣለሁ። በጉን ግን አላውቀውም። ከሩቅ ነው የተያየነው።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ቀጠልኩ።

«ቤተ ክርስቲያናችን ከዓመቱ የሚበዛውን ቀን ታስጾመናለች። ስለዚህ ምግብ ሳልቀምስ፣ የሚበላውን ሰው ፊት አይቼ መፍረድ ተምሬያለሁ። አጠገቤ ያለው ወንድሜ ከገባን ጀምሮ አፉን አልዘጋም። በጉ ሲቀርብ ግን ዝም አለ። እናቱ ብትሰማ ለወጥ ቤቱ አበባ ትልካለች።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ወሬኛው ራሱ ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ። ያኔ ድምፄ የራሴ ሆነ።

«ድንቹን ግን ከማናችሁም በላይ አውቀዋለሁ። እኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ ‹በሞቴ፣ ብላ› ብለን እንለምናለን። እናንተ አንዴ ትጠይቁና ትተዋላችሁ። ዛሬ ግን የሚያስተናግደው ልጅ ያለ ቅቤ ለብቻ አስቀቅሎ አመጣልኝ፤ ሳልጠይቀውም ደገመልኝ። እሱ በአማርኛ ‹በሞቴ› ማለቱ ነው። ስለ ምግቡ አመሰግናለሁ!»

የውሃ ብርጭቆዬን አነሳሁ። ሁሉም ወንበሩን እየገፋ ተነሳ። ፕሬዝዳንቱ ዓይኑን በናፕኪን ይጠርግ ነበር። እንደዚያ ዓይነት ጭብጨባ ከዚያ በፊት ለእኔ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም።

እሁድ ጠዋት እናቴ ነጠላዋን ለብሳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ልትወጣ ስትል ከኮሪደሩ የዘፈን ድምፅ ተሰማ። በሩን ስትከፍት ጥቁር ቆብ ያደረጉ ወጣቶች በር ላይ ተደርድረው፣ ሳንባቸው እስኪፈነዳ ይዘምራሉ። ምርጫውን ያለፉትን በየቤታቸው ሄደው እየዘፈኑ ወደ አዳራሹ መውሰድ ልማዳቸው ኖሯል። ጎረቤታችን ፓኪስታናዊው ሽማግሌ በፒጃማ ወጥተው ማጨብጨብ ጀመሩ። እናቴ አፏን በነጠላዋ ሸፍና፣ «ምን አድርገሽ ነው? ምን አድርገሽ ነው?» ትለኛለች።

«ገባሁ፣ እማዬ! ገባሁ!»

ፕሬዝዳንቱ የማኅበሩን ቀይ ጥብጣብ በትከሻዬ ላይ አሰረልኝ። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ኮሪደሩ በሙሉ አስተጋባ። ዘማሪዎቹ ደንግጠው ቆሙ፣ ከዚያ አንዷ ልትሞክረው ብላ ጉሮሮዋ ተዘጋ።

በሊፍት ተጨናንቀን ወረድን። ከሕንፃው ስንወጣ ሰው በየበረንዳው ቆሞ ያያል። ቀና ስል አባቴ በካናቴራ ወጥቶ፣ ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ያፏጫል። ቀይ ፀጉሯ ልጅ ክንዴን ይዛ፣ «ማነው እሱ?» አለችኝ።

«አባቴ ነው» አልኳት፤ እጄን ከፍ አድርጌ አውለበለብኩለትና ከፊት ሆኜ ወደ ባቡር ጣቢያው መራኋቸው።