ኩይሳ የሌለው እንጉዳይ

ባለፈው ሐምሌ የእህቴ የዘይነባ ልጅ ከሲሪንቃ በስልክ ፎቶ ላከችልኝ። ጭቃ ላይ የበቀለ ነጭ እንጉዳይ ነው። «አክስቴ፣ ይበላል?» ትላለች። «ሥሩን ሳላይ አልናገርም፤ ደግሞስ የት ነው የበቀለው?» አልኳት። ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ የልጅነታችን አንድ ክረምት ትዝ ብሎኝ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ያኔ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። የምንኖረው ከግራና ከተማ በላይ ባለች መንደር ነበር። ክረምቱ ገብቶ እህላችን አልቋል፤ ታናናሾቻችን ጎመን ብቻ እየበሉ፣ እያለቀሱ ነበር የሚተኙት። እኔና ዘይነባ እንጉዳይ ልንለቅም ጫካ ወጣን። የሚበላው ኩይሳ ላይ ይበቅላል፤ ሥሩ ረዝሞ እስከ ምስጡ ቤት ይወርዳል። እግሩ ሥር ከረጢት የመሰለ ነገር ያለው ግን የጅብ ጥላ ነው፤ ቤተሰብ ይጨርሳል። እናታችን ይህን ደጋግማ ነግራናለች።

ጫካውን ጉም ውጦት ነበር። ከቅጠል ከሚንጠባጠበው ውሃ በቀር ድምፅ የለም። ከወይራዎቹ መሀል ገላጣ ቦታ ስንደርስ ሁለታችንም ቆምን። መሬቱ በእንጉዳይ ነጭ ሆኗል፤ ኩይሳ ግን የለም።

«እንዳትነኪው» አልኳት።

ዘይነባ አንዱን ነቀለች። ከረጢት የለውም፤ ሥሩ መሀል ላይ ተበጠሰ። «የት እንደሚደርስ ልየው» ብላ በእጇ ትቆፍር ጀመር። ትንሽ ቆይታ «ምስጥ አለ! ልቀሚ!» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ቅርጫቴን መሙላት ያዝኩ።

ድንገት አፈሩ ተናደና ክንዷ እስከ ትከሻዋ ገባ።

«ምን አገኘሽ?»

«ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው... ከሥሩ ባዶ ነው። ይቀዘቅዛል።» እጇን ስታወጣ ጣቶቿ ላይ ጠጉር ተጣብቆ ነበር፤ ረዥም፣ በሂና የቀላ።

ቅርጫቴን እንዳቀፍኩ ሮጥን። ዳገቱ ላይ ነፋስ ጉሙን ሲገልጠው ዞር ብዬ አየሁ። እንጉዳዩ እንዲሁ የተበተነ አልነበረም። እያንዳንዱ ነጭ መደብ የተኛ ሰው ያህል ርዝመት አለው፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ተሰልፈዋል። በመሀላቸው አጫጭሮችም ነበሩ።

እናታችን ጎረቤታችንን ሸህ ይመርን አስጠራቻቸው።

«በበሽታ ያለቀ መንደር ነበር ይባላል» አሉ። «ድንጋዩ ሰምጦ ቀብሩ የት እንደሆነ ጠፍቶብን ነው የኖርነው። ቀዳዳውን አሁኑኑ ሄደን እንደፍናለን።»

«አባባ፣ እንጉዳዩንስ ምን ላድርገው? ይዘውት መጥተዋል እኮ» አለች እናቴ።

ሸህ ይመር ትንንሾቹን ልጆች አዩና አቀረቀሩ። «ምግብ ነው። ቢስሚላሂ ብላችሁ ብሉት። ከእንግዲህ ግን ከዚያ እንዳትለቅሙ።»

እናቴ በጨውና በበርበሬ ሠራችው። ልጆቹ ድስቱን ጠረጉት። ዘይነባ ደጅ ቆማ እጇን ትታጠባለች፤ ውሃው ሲፈስ ለረጅም ጊዜ ይሰማን ነበር። እኔ በላሁ። ሥጋ ሥጋ ይል ነበር።

ዘይነባ ዛሬ መርሳ ከተማ ትኖራለች፤ እንጉዳይ አትበላም፣ ሂናም አትቀባም። ስለዚያ ቀን አንስተን አናውቅም። እኔ ክረምት በገባ ቁጥር እዚያ ለተቀበሩት ፋቲሃ እቀራላቸዋለሁ። ስማቸውን የሚያውቅ ሰው የለም፤ ስለዚህ «ላበሉን ሰዎች» እላለሁ።