የጣሪያዋ አራስ

ወይዘሮ ሙሉእመቤትን ቶሮንቶ፣ ስካርቦሮ ሰፈር የሚያውቃቸው ሁሉ እማማ ሙሉ ይላቸዋል። ከእኔ ሁለት በር አልፎ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። እንግሊዝኛቸው አንድ እፍኝ አይሞላም፤ ያቺኑ እፍኝ ግን ያለ ስስት ይበትኗታል። እኔ በየነ የታክሲ ሹፌር ነኝ። ደብዳቤያቸውን አነብላቸዋለሁ፣ ሐኪም ቤት አስተረጉምላቸዋለሁ፣ በዚያውም እቆጣቸዋለሁ። አይሰሙኝም።

አገር ቤት ሳሉ የልምድ አዋላጅ ነበሩ። በኋላም ሱዳን፣ የስደተኞች ሰፈር ውስጥ፣ በድንኳን ብዙ ልጅ ተቀብለዋል። ስንት እንደሆነ ስጠይቃቸው የሰው ልጅ አይቆጠርም ብለው ይዘጉኛል። ቶሮንቶ ከመጡ ወዲህ ግን ማን ይጥራቸው? እዚህ ልጅ የሚወለደው ሆስፒታል ነው። ሆቴል ቤት አንሶላ ሲያጥቡ ኖረው፣ ወገባቸው እምቢ ሲላቸው ቤት ዋሉ። በረንዳ ላይ ወንበር አውጥቶ ቁልቁል ማየት ሥራቸው ሆነ።

ከበረንዳችን በታች የጋራዡ ጣሪያ ይታያል፤ ዝርግ ነው፣ ጠጠር የፈሰሰበት። በ1995 የጸደይ ወራት እዚያ ላይ ከሐይቁ የምትመጣው ነጭ ወፍ፣ ልጆቹ ሲጋል የሚሏት፣ ጎጆ ሠራች። ጎጆ ማለት እንኳ ማጋነን ነው፤ ጥቂት ጭራሮና አንድ የቺፕስ ከረጢት። እውነቱን ልናገር፣ ይቺን ወፍ አልወዳትም ነበር። ሳንድዊች ከሰው እጅ ትነጥቃለች፣ ያጠብኩት ታክሲ ላይ ትኩሳለች፣ ጩኸቷ ጆሮ ይበሳል። እማማ ሙሉ ግን እንቁላሎቹን ከሦስት ሳምንት በላይ ጠበቋቸው። በሜይ መጨረሻ አንድ ጠዋት በሬን አንኳኩተው በሰላም ተገላገለች አሉኝ። ማን ወለደ ብዬ ደንግጬ ወጣሁ። ሦስት ግራጫ ጫጩቶች።

በዚያው ሳምንት ሊፍቱ ውስጥ ማስታወቂያ ተለጠፈ። በሚቀጥለው ሰኞ የጋራዡ ጣሪያ ጠጠሩ ተጠርጎ በትኩስ ሬንጅ ይለበጣል ይላል። ሳነብላቸው ፊታቸው ተለዋወጠ።

"አራስ ከቦታዋ አትነሳም" አሉ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሱዳን ሳሉ፣ ሰፈሩ ይዛወር ተብሎ አንዲት አራስ በአምስተኛ ቀኗ ከነልጇ ጭነት መኪና ላይ ውጪ ተባለች። እማማ ሙሉ ተዉ አላሉም፤ ደግፈው ያሳፈሯት እሳቸው ናቸው። ልጁ መንገድ ላይ ሞቶ ቀረ። ይህን የነገሩኝ ያን ዕለት፣ ጫማቸውን እያሰሩ ነው። ከዚያ ወደ ማኔጀሩ ቢሮ ቀደሙኝ።

ማኔጀራችን ኮስታስ የሚባል ግሪክ ነው። ተከራይ ሲያናግረው ከወረቀቱ ቀና አይልም። እኔ ወግ ያለው እንግሊዝኛ ለመናገር ጉሮሮዬን ስጠራርግ፣ እማማ ሙሉ እንደ አራስ ነብር ዘለው ገቡበት።

"ሚስተር ኮስታስ፣ ማዘር። ኒው ቤቢ። ስሪ።" ሦስት ጣታቸውን አፍንጫው ሥር አቆሙ። "ኖ ሬንጅ፣ ኖ ስሜል። ፎርቲ ዴይስ።"

ኮስታስ እስክሪብቶውን ጣለ። "ትሪፕሌትስ?" አለ፤ ሦስት መንታ ማለቱ ነው።

እማማ ሙሉ ቃሉን አያውቁትም፤ የተደነቀ ፊት ግን ያውቃሉ። "የስ" አሉት።

ሰውየው ከወንበሩ ተነስቶ እጃቸውን ጨበጠ። የሬንጅ ሽታ ለሕፃን እንደማይሆን እሱም ያውቃል፤ እዚያው እያለን ለዋናው መሥሪያ ቤት ኮል አድርጎ ሥራውን ወደ ሰኞ፣ ጁላይ አሥር አዛወረው። ማረም ነበረብኝ፤ ግን ያ ሰው ለተከራይ ሲነሳ አይቼ ስለማላውቅ ተውኩት።

ሊፍት ውስጥ ሰውየው ሴት የወለደች እንደመሰለው ነገርኳቸው። ገረማቸው። ታዲያ ምን ዋሸሁ አሉ፤ ላም ብትወልድ አራስ ናት፣ ነብር ብትወልድ አራስ ናት፣ ይቺ ምን አነሳት? በአማርኛ ትክክል ናቸው።

ከዚያ ቀን ቆጠራው ተጀመረ። ሲጋል በስንት ቀኗ እንደምትበር ሁለታችንም አናውቅም። እማማ ሙሉ የሚያውቁት የአራስ ወግ አርባ ቀን መሆኑን ነው፤ በዚያ ተማምነው ቀን ወስነዋል። ካልበረሩ መጥረጊያው ይጠብቃቸዋል። እየዋለ እያደረ እኔም ከሥራ ስመለስ ጃኬቴን ሳላወልቅ ወደ በረንዳው መሄድ ጀመርኩ። አፍሬ ለማንም አልተናገርኩም።

በሃያኛው ቀን ግድም ኮስታስ መጣ። እናቱ በእጇ የሠራቻቸውን ሦስት የሕፃን ኮፍያዎች ይዟል። እማማ ሙሉ አራስ ጠያቂ መጣልን ብለው ደስታቸው ወሰን አጣ። አስቀመጡት፤ ገንፎ አገንፍተው፣ ቅቤና በርበሬውን መሐሉ ላይ አድርገው አቀረቡለት። በልቶ ሲጨርስ እናቲቱ የት ናት ብሎ ጠየቀ። እጁን ይዘው ወደ በረንዳ ወሰዱትና ቁልቁል አሳዩት።

ኮስታስ አንገቱን አስግጎ አየ። ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ፤ በርበሬው ይሁን ንዴቱ አላውቅም። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ እሱ ለአለቆቹ ሦስት መንታ ተወለደ ብሎ መጻፉን፣ እነሱም እንኳን ደስ ያለህ ማለታቸውን ነገረኝ። እኔም በአማርኛ ነገርኳቸው። እማማ ሙሉ አልተደናገጡም።

"የአራስ ገንፎ የበላ ሰው አራስ አያባርርም በለው።"

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም ቃል ሳላሻሽል ተረጎምኩ። ኮስታስ ጭንቅላቱን ያዘ። እውነቱን ቢናገር ጡረታ እስኪወጣ መሣቂያ እንደሚሆን ገብቶታል። ጁላይ አሥር ግን ጁላይ አሥር ነው፣ ከእንግዲህ አንድ ቀን አልጨምርም ብሎ ወጣ። ኮፍያዎቹን ትቷቸው ሄደ።

አርባው ቅዳሜ ሞላ። ያን ዕለት ትልቁ በረረ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሁለተኛውን የመብራት እንጨት ላይ ቆሞ አገኘነው። ሦስተኛዋ ግን ክንፏን ትዘረጋለች፣ ትሰበስባለች፣ መልሳ ትቀመጣለች። እማማ ሙሉ ይቺማ ሴት ናት ብለው ፈረዱ፤ ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ አይደል ክርስትና የምትነሳው፣ ጊዜዋን እየጠበቀች ነው አሉ። ይስቃሉ እንጂ ሰኞ ጠዋት ሳያቸው እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም።

ሁለት ሰዓት ላይ የሬንጅ መኪናው መጣ። ሁለት ሠራተኞች መሰላል አቁመው ወጡ። እናትና አባት ወፎቹ እየተወረወሩ የአንዱን ሄልሜት በእግራቸው መቱት፤ ሰውየው ተሳድቦ መጥረጊያውን ወደ ጫጩቷ ዘረጋ። ጫጩቷ ሮጣ የጣሪያው ጫፍ ላይ ደረሰች። ከሥሯ አስፋልት ነው። ኮስታስ ከታች ሆኖ ሽቅብ ወደ እኛ ያያል፤ ምን ላድርግ የሚል እጅ ዘርግቷል።

እማማ ሙሉ የበረንዳውን ብረት ጨብጠው ተነሱ። ሰውየው ላይ ሊጮሁ ነው ብዬ ስጠብቅ እልልታቸውን አቀለጡት።

እንዲያ ያለ እልልታ ያ ሕንፃ ሰምቶ አያውቅም። ሠራተኛው መጥረጊያውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ጫጩቷ ደንብራ ዘለለች። ወደቀች፤ ልቤም አብሯት ወደቀ። አስፋልቱ ጥቂት ክንድ ሲቀረው ክንፎቿ አየሩን ያዙት። ከሬንጅ መኪናው በላይ ወጣች፣ ከመብራት እንጨቱ በላይ ወጣች፣ በእኛ በረንዳ አጠገብ አልፋ ወደ ሐይቁ አቀናች። አለቀስኩ፣ አልደብቅም። ከየበረንዳው ሰው ወጥቶ ያጨበጭባል፤ ግማሹ ለምን እንደሆነ እንኳ አያውቅም። ኮስታስ ኮፍያውን አውልቆ ያወዛውዛል።

እማማ ሙሉ አላቆሙም። ሰባት ሲሞላ ክንዳቸውን ነካ አድርጌ፣ ለሴት ልጅ እልልታው ሦስት ነው፣ ሰባት የወንድ ነው አልኳቸው።

"ሂድ ወዲያ፤ ለዚችስ ሰባትም ያንሳታል" አሉኝ።

ስምንተኛውን አብሬያቸው እልል አልኩ።