ቡራዩ ላይ የተሳለ ደረጃ

የቤት ፕላን እስልበት የነበረው የኮንስትራክሽን ድርጅት ሲዘጋ፣ ቡራዩ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ከላፕቶፔ ጋር ተፋጥጬ ቀረሁ። ወራት ሥራ ፈልጌ በኢንተርኔት ያገኘኋቸው አሠሪ ኖርዌይ የሚኖሩ አዛውንት አርክቴክት ናቸው። ከታመሙ ወዲህ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። በእርሳስ የሞነጫጨሩትን ፎቶ አንስተው ይልኩልኛል፤ እኔ በኮምፒውተር አጥርቼ እስልላቸዋለሁ። እሳቸው ቢሮአቸውን ከመዝጋት ዳኑ፣ እኔም ከሙያዬ አልራቅኩም።

ቢሆንም አርፌ መቀመጥ አልቻልኩም። መልእክታቸው ትንሽ ከዘገየ «ሌላ ሰው አገኙ» እላለሁ። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ስመላለስ አከራዬ ያዩኛል።

«አካም ቡልቴ?» ይሉኛል፣ እንዴት አደርሽ ለማለት። «ግቢዬን የምትለኪው ልትገዢው ነው?»

«ኧረ ኦቦ፣ ሐሳብ ይዞኝ ነው።»

አንድ ሐሙስ ማለዳ መብራት ጠፋ። የአንድ ቤተሰብ ቤት ፕላን በዚያው ቀን መድረስ ነበረበት። የላፕቶፑ ባትሪ ሊያልቅ ሲል ፕላኑ ላይ የሳልኩት ደረጃ ላይ ዓይኔ አረፈ። ፎቁን የሚሸከመው አግዳሚ ቢም ከደረጃው በላይ በጣም ዝቅ ብሏል፤ ረጅም ሰው ሲወጣ ግንባሩን ይመታዋል። ስህተቱ ከእርሳስ ሥዕሉ የመጣ ነው። እኔም ሳላስተውል ገልብጬዋለሁ።

ሱሉልታ ለምትኖረው እህቴ ደወልኩ። «እዚህ መብራት አለ፣ ነይ» አለችኝ። ከታክሲ ታክሲ እየቀያየርኩ ስሄድ ቦርሳዬን አቅፌ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። የታዘዝኩትን ስዬ ብልክ ማን ይወቅሰኛል? ትልቅን ሰው ተሳስተዋል ማለት ባደግኩበት ቤት ነውር ነው። ደግሞስ ቢቀየሙኝና ሥራው ቢቀርብኝ?

እህቴ ወደ ፋብሪካ ልትወጣ ጫማዋን እያሰረች አዳመጠችኝ።

«በዚያ ደረጃ የምትወጪው አንቺ ብትሆኚስ?» ብላኝ ወጣች።

ለአርክቴክቱ ደወልኩላቸው። እንግሊዝኛዬ እየተደነቃቀፈ ነገርኳቸው። የእርሳስ ሥዕላቸውን አውጥተው ሲያገላብጡ ይሰማኝ ነበር።

«ሳምንት ሙሉ ሳየው ሰነበትኩ» አሉ በመጨረሻ። «ግን አልታየኝም። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

እንዲህ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም ነበር። ደረጃውን ወደ ሌላኛው ግድግዳ ብናዞረውስ አልኳቸው። የእህቴ አልጋ ላይ እግሬን አጣጥፌ ተቀምጬ፣ እሳቸው በስልክ እያዩ፣ እስከ ምሽት ድረስ አብረን ሠራነው። ኖርዌይ ያሉት ግንበኞች ፕላኑን አንድ ቀን ጠበቁ።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ንድፍ ገና ሲያስቡ ይደውሉልኛል። በረዶ የሚከመርበት ጣሪያ እንዴት እንደሚሠራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ፕላኖቹ ላይም ስሜን ከስማቸው ሥር ማስፈር ጀመሩ።

በቅርቡ ሥራ ስለበዛ አንድ ሰው እንድጨምር ጠየቁኝ። ሰበታ ወዳለው የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ደወልኩ፤ ድርጅቱ ከተዘጋ ጀምሮ ሥራ አልነበረውም። ነገሩን በጥሞና ሰማኝና፣

«ሰውየው አርጅተዋል» አለኝ። «የሆነ ቀን በቃኝ ቢሉስ?»

መልሴን ሳይጠብቅ «በይ የምሠራውን ፋይል ላኪልኝ» አለ።