አርባ አንዱ ልደቶች

እትዬ መዝገብ ያልናቸው በከንቱ አልነበረም። ሃያ ስድስት ዓመት የልደት ምዝገባ መስኮት ላይ ሲቀመጡ የረሱት ነገር የለም፤ ሲረሱ ልንይዛቸው የሞከርን ግን ብዙ ነበርን። በዓለም ላይ የሚፈሩት አንድ ነገር ብቻ ነው። እናታቸው በስተእርጅና የገዛ ልጆቻቸውን ማወቅ ተስኗቸው ነው የሞቱት።

እኔ የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ባለሙያ ይሉኛል እንጂ! ጽሑፋችን ሁሉ የሚቀመጠው ኋላ ክፍል ባለው ሰርቨር ላይ ነው። እትዬ በየጠዋቱ እዚያ ያለውን፣ ሁላችንም የምንጽፍበትን የጋራ ፎልደር ሲፈልጉ እንዳይቸገሩ ብዬ፣ ኮምፒውተራቸው ሲበራ ራሱ እንዲያመጣላቸው አደረግሁ። ለዚህም እዚያው ማሽናቸው ላይ በዚያው ስም ባዶ ፎልደር ፈጠርኩ፤ የጋራው ሲመጣ እላዩ ላይ ያርፋል። እትዬ መረቁኝ።

አንዳንድ ጠዋት ግን ኔትወርኩ ከኮምፒውተሩ ዘግይቶ ይነሣል። ያን ቀን የጋራው ፎልደር አይመጣም። እትዬ ወላጆችን ፊት ለፊት አስቀምጠው እየጠየቁ ይጽፋሉ፣ ሴቭ ያደርጋሉ፤ ጽሑፉ ባዶው ውስጥ ይገባል፤ ስሙ ያው ስለሆነ ልዩነቱ አይታወቃቸውም። በማግስቱ የጋራው ይመጣና ይሸፍነዋል፤ የትናንቱ ጽሑፍ እዚያው ሥር ቢኖርም ለማንም አይታይም። ይህ ያኔ በሐሳቤም አልመጣ።

ወላጆች በሳምንቱ ምስክር ወረቀት ሊወስዱ ሌላኛው መስኮት ሲመጡ የልጃቸው ስም የለም።

«በዚህ እጄ ጽፌዋለሁ!» ይላሉ እትዬ።

መጀመሪያ ሳቅን። ቀጥሎ መንሾካሾክ መጣ። አንድ ቀን «ልጄ፣ እስቲ ማሽኑን እይልኝ» ብለው ለመኑኝ። አየሁት፤ ያን ሰዓት ሁሉም ደህና ነበር።

«ምንም የለበትም እትዬ። ምናልባት ሴቭ ሳያደርጉት ቀርተው ይሆናል» አልኳቸው። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

እሳቸውም «እናቴንም እንዲህ ነው የጀመራት» አሉ። በወሩ ሥራቸውን በገዛ ፈቃዳቸው ለቀቁ።

ከሦስት ወር በኋላ የኔትወርኩ ገመድ የተበጠሰ ጠዋት፣ በእሳቸው ቦታ የገባችው ጸሐፊ ጠራችኝ። «ይሄ ፎልደር ውስጥ ያሉት ሕፃናት እነማን ናቸው?» አለች። አርባ አንድ ልደት፣ እትዬ ከጻፉበት ቀንና ሰዓት ጋር። የጋራው ሳይመጣ ሲቀር ከሥሩ ተሸፍኖ የነበረው ወጥቷል፤ ነገሩ ወለል ብሎ ታየኝ።

ሁሉንም አትሜ ወደ ቤታቸው በረርኩ። ልጃቸው በሩን ከፈተችልኝ። የኩሽናው ግድግዳ በብጥስጣሽ ወረቀት ተሞልቷል፤ «ምድጃውን አጥፊ»፣ «ውሃውን ዝጊ»፣ «ቁልፉ መሳቢያ ውስጥ ነው»፣ ሁሉም በእትዬ የእጅ ጽሑፍ ለራሳቸው የተጻፈ። አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እርስዎ አንዲትም ነገር አልረሱም ብዬ ማልኩ። ያተምኩትን እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«አይ ልጄ! ይሄን ሁሉ ቁጭ ብለህ ጻፍክልኝ?»

«እኔ አይደለሁም እትዬ! ቀኑን ይዩት እንጂ።»

«ቀኑንማ አንተ እንደፈለግክ ታደርገው የለ?»

ማሽኑን ስላመኑ ያበዱ መሰላቸው፤ አሁን ደግሞ ማሽኑን አላምን አሉ። ማሽን እንደሚያታልል ያስተማርኳቸውም እኔ ነኝ። ወደ ልጃቸው ዞርኩ፤ እሷም መሬት መሬት ታያለች፤ ለካ እሷም አላመነችኝም።

እትዬ እጄን ጨበጥ አድርገው አመሰገኑኝ። ከዚያ እስክሪብቶ አንሥተው ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፉ፦ «የኮምፒውተሩ ልጅ መጥቶ ነበር። ደግ ልጅ ነው። እንዳልረሳው።» ግድግዳው ላይ ባዶ ቦታ ፈልገው ለጠፉት።