የወንድሜ ድምፅ በሚሺጋን

ሚሺጋን ያን ዓመት የአሜሪካን ፕሬዚዳንት የመረጠችው በጥቂት ድምፅ ልዩነት ነው። ሌሎቹ ግዛቶች በየአሸናፊው ፓርቲ ቀለም ቀዩ ቀይ፣ ሰማያዊው ሰማያዊ ሆነው ሲያልቁ፣ እሷ በቴሌቪዥኑ ካርታ ላይ ለሳምንታት ግራጫ ሆና ቆየች። ቶሮንቶ ተቀምጬ ያቺ ግራጫ ቦታ ላይ የማፈጠው የፖለቲካ ፍቅር ኖሮኝ አይደለም። ታላቅ ወንድሜ የሚኖሩት እዚያ ነው፤ ድምፅም ሰጥተዋል። ይስጡ ያልኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ።

ጋሼ ነው የምላቸው። በአሥራ ስድስት ዓመት ይበልጡኛል፤ አባታችን ከሞቱ በኋላ ያሳደጉኝም እሳቸው ናቸው። እኔ በሱዳን በኩል ካናዳ ገባሁ፤ እሳቸው ከብዙ ዓመት በኋላ አሜሪካ መጡና ዲትሮይት አጠገብ የመኪና መቀመጫ የሚሰፋበት ፋብሪካ ተቀጠሩ። ቶሮንቶ ቶርንክሊፍ ፓርክ ሰፈር ካለው ከእኔ ቤት እስከ እሳቸው ቤት በመኪና አራት ሰዓት ያህል ነው። ፋሲካን የሚውሉት ሁልጊዜ እኔ ዘንድ ነበር።

ምርጫው ሊደርስ ሲል ደወሉልኝ። መንጃ ፈቃድ ሲያሳድሱ የተሰጣቸው ቅጽ ላይ ባዶ ሳጥን እንዳይቀር ብለው ሁሉም ላይ ምልክት አድርገው ፈርመው ነበር። እሳቸው እንዲህ ናቸው፤ መንግሥት የጠየቀውን ሳይሞሉ መተው አይሆንላቸውም። ከሳምንታት በኋላ ስማቸው ያለበት ካርድ በፖስታ መጣ። ስልክ ላይ ፊደል በፊደል አነበቡልኝ።

"የመራጭ ካርድ ነው፤ የት ሄደው እንደሚመርጡ ነው የሚናገረው" አልኳቸው።

"ግዴታ ነው?"

"ጋሼ፣ የመንግሥት ወረቀት በስምዎ መጥቶ ይቀራል እንዴ?"

ሳቅን። ሁለታችንም የደርግን ቀበሌ እናውቃለን። ያኔ ምርጫ የቀረ ሰው ስሙ ይያዝ ነበር፤ ስሙ የተያዘ ሰው ምን እንደሚገጥመው ደግሞ ጋሼ ስምንት ወር ታስረው አይተውታል። ስለዚህ ማልደው ተነሡ፣ ከረባት አሰሩ፣ ሄደው መረጡ። ማንን እንደመረጡ አልጠየቅኳቸውም።

ልጄ ያኔ የሕግ ተማሪ ነበረች። እዚሁ ነው የተወለደችው። በማግስቱ አብረን ካርታውን እያየን፣ "የጋሼም ድምፅ እዚያ ውስጥ አለ" ብዬ ጉራዬን ነዛሁ።

"ዌይት። ቮት አደረጉ? ሲቲዝን ናቸው እንዴ?"

"ግሪን ካርድ አላቸው።"

ስልኳን አስቀመጠች። "ማሚ፣ በግሪን ካርድ ቮት ማድረግ አይቻልም። ክራይም ነው። ዲፖርት ሊያደርጓቸው ይችላሉ።"

ከአገር ያባርሯቸዋል ማለቷ ነው። እኔ የካናዳ ዜጋ ከሆንኩ ቆይቻለሁ፤ ካርድ ሲመጣልኝ ሄጄ እመርጣለሁ። ለእሳቸውም ካርድ ከመጣ መብት አላቸው ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ማጣራት በሐሳቤም አልመጣ። እኔ መቼም ያልተጠየቅኩትን ሁሉ የማውቅ ሰው ነኝ።

ሚሺጋን በመጨረሻ ቀይ ተቀባች። ወዲያው ደግሞ ድምፁ እንደገና ይቆጠር ተባለ። የሚቆጠረው ወረቀቱ ነው፣ ስም የለበትም ብትለኝም ልጄን አላመንኳትም። አውቶቡስ ውስጥም፣ የምሠራበት ፋርማሲ ገንዘብ መቀበያው ጋ ቆሜም፣ አንድ ሰው ጣቱን በስም ዝርዝር ላይ ቁልቁል ሲያወርድ ይታየኝ ነበር። ቆጠራው ተጀምሮ ብዙም ሳይሄድ ቆመ። እፎይ ሳልል፣ ዜጋ ሳይሆኑ መረጡ ስለተባሉ ሰዎች በየዜናው ይወራ ጀመር። ከዚያ ወዲህ ፍርሃቱ ለቆኝ አያውቅም።

ልጄ "ንገሪያቸው፣ ሎየር ያስፈልጋቸዋል" አለችኝ። ደጋግማ አለችኝ። እኔ ግን መርዶ እንደሚደበቅ ደበቅኩት። በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ለታላቅ ሰው ስልክ ተደውሎ አይነገርም፤ ሰዓት ተመርጦ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ አጠገባቸው ተቀምጦ ነው። ሰዓት ስመርጥ ዓመታት አለፉ። ድንበር ላይ እንዳይጠየቁብኝ ብዬ ፋሲካ በመጣ ቁጥር ሰበብ እፈጥራለሁ፤ አንዴ ሊፍቱ ተበላሽቷል፣ አንዴ ጉንፋን ይዞኛል፣ አንዴ ሥራ ገብቻለሁ። ራሴም አልሄድኩም፤ ፊታቸውን እያየሁ መዋሸት አልችልም። የዜግነት ነገር ሲያነሡ፣ መምረጣቸው እንዳይወጣ ብዬ፣ "ምን ያጣድፍዎታል?" እላቸዋለሁ። እያደር ስልካቸው አጠረ። ያፈርኩባቸው ሳይመስላቸው አልቀረም። እሱ ከሁሉም በላይ ያንገበግበኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደወሉ። ድምፃቸው እንደ ድሮው ሞቅ ብሏል።

"ሰርፕራይዝ ላደርግሽ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ። ትናንት የዜግነት ኢንተርቪው ነበረኝ! እንግዲህ ሊፍት ተበላሸ ብትዪ አልሰማሽም፤ በደረጃም ቢሆን እመጣለሁ።"

"ምን ምን ጠየቁዎት?" አልኳቸው።

"የአገራቸውን ታሪክ ጠየቁኝ፤ አንድም አልሳትኩም። ከዚያ ሰውየው፣ መርጠህ ታውቃለህ ወይ አለኝ። እንዴታ አልኩት! ማልጄ ነው የሄድኩት፣ ግዴታዬን ትቼ አላውቅም አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠና ወጣ፤ ሲመለስ አለቃውን ይዞ መጣ። ያልኩትን ጽፈው አስፈረሙኝ። በጣም በትሕትና ነው ያስተናገዱኝ። የቀረውን በፖስታ እንልክልሃለን አሉ።"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩት።

"ምነው? ደስ አላለሽም?"

"ጋሼ፣" አልኩ፣ "ቁጭ ብለዋል? እስቲ ቁጭ ይበሉ።"

በወዲያኛው በኩል ወንበር ሲጎተት ሰማሁ።

"ማን ሞተ?" አሉኝ።