እናቴ ማንበብ ያቃታት ግንባር

እናቴ መስማት ያቆመችው እኔ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ታይፎይድ ይሁን ማጅራት ገትር በውል ሳይለይ ሦስት ሳምንት ተኝታ ስትነሳ ጆሮዋ ጭው ብሎ ቀረ። ኮልፌ አጠና ተራ ቅቤ ትነግድ ነበር፤ ንግዱን አልተወችም። ገዢ ሲመጣ ዐይን ዐይኑን እያየች ትገበያያለች። ፊደል ስላልቆጠረች እኔና እሷ የምንነጋገረው በእጅና በፊት ነበር። ቅንድቤን ሽቅብ ካነሳሁ ጥያቄ ነው፤ ግንባሬን ከቋጠርኩ "ምን ሆንሽብኝ?" ማለት ነው። እሷ መልሱን በአንደበቷ ትሰጠኛለች፤ ድምፅዋን ስለማትሰማው ጮክ ብላ፣ ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖርን።

አርባ አምስት ሲሞላኝ በቅንድቦቼ መካከል ሁለት ጥልቅ መስመሮች ወጡ። የምሠራው ቬሎ በሚያከራይ ሱቅ ነው፤ ሙሽሮችን እለካለሁ፣ አለብሳለሁ። አንድ ቀን አንዲት ሙሽራ መስታወት ፊት ቆማ ሳለ ከኋላዋ እኔን አየችና፣

"እትዬ፣ አላማረብኝም እንዴ?" አለችኝ።

"ኧረ በጣም አምሮብሻል!" አልኳት። አላመነችኝም። ቬሎውን ሳትወስድ ሄደች።

የሱቁ ባለቤት በዕድሜ ታንሰኛለች። ወደ ጓዳ ጠርታኝ፣ "አትቀየሚኝ፣ ግን ሁሌ የተቆጣሽ ትመስያለሽ። እኔም እኮ መስመር የሚያጠፋውን ቦቶክስ ተወግቼ ነው" ብላ ግንባሯን አሳየችኝ። እንደ ተላጠ እንቁላል ልሙጥ ነበር።

እውነቱን ለመናገር የገፋፋችኝ እሷ ብቻ አይደለችም። ታክሲ ውስጥም፣ ቤተ ክርስቲያንም "ምን አናደደሽ?" የሚለኝ ሰው በዝቶ ነበር። አላገባሁም፤ ቆንጆ ነሽ የተባልኩበትን ጊዜም አላስታውስም። አንድ ጊዜ እንኳ ሳልሸማቀቅ መስታወት ፊት መቆም አማረኝ።

በአየር ጤና አድርጌ ቤቴል ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሟ ወጣትና ትሁት ናት። "እስኪ ፊትዎን ያኮሳትሩ" አለችኝ። አኮሳተርኩ። "ይሄ ጡንቻ እንዴት ጠንክሯል! ምን ሲሠሩበት ኖረው ነው?" ብላ ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ። መልሱ ያኔ ትዝ አላለኝም። ቦቶክሱ ጡንቻውን ለጥቂት ወራት እንደሚያሳርፈው፣ ከዚያ ቀስ ብሎ እንደሚመለስ ነገረችኝና ግንባሬንና የቅንድቦቼን መካከል ስድስት ሰባት ቦታ በቀጭን መርፌ ወጋችኝ።

በሳምንቱ መስመሮቹ ጠፉ። ሱቅ ውስጥ አሞገሱኝ። እናቴ ግን ምሳ ስንበላ ትክ ብላ ታየኝ ጀመር። እጄን ወደ አፌ አድርጌ "ትበያለሽ?" ስላት "ብዪ!" ያልኳት ይመስላታል። ሆዷን ስታሻሽ ካገኘኋት "ያምሻል?" እላለሁ፤ የሚታያት ግን ጣቴና ምንም ያልመሰለው ፊቴ ነው። "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" ትለኛለች። እኔም እውነት መሰለኝ። መወጋቴን አልነገርኳትም፤ አፍሬ ነው።

ሁለት ወር ሊሞላ ሲል ጎረቤታችን ሱቅ ድረስ መጣች።

"እናትሽ እኮ እህል ትታለች" አለችኝ። "እኔ ቤት ቁጭ ብላ 'ልጄ ሰልችታኛለች፤ ሲያመኝ እንኳ ፊቷ አይከፋም፤ ከእንግዲህ ሸክም አልሆንባትም' እያለች ታለቅሳለች።"

የምተኩሰውን ቬሎ ጥዬ ወጣሁ። ቤት ስደርስ አልጋዋ ላይ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታለች። አጠገቧ ተቀምጬ እጇን ግንባሬ ላይ አደረግሁት። በጣቴ መርፌ ሠርቼ ቅንድቤን ወጋሁ፤ ከዚያ ግንባሬን ለመቋጠር ታገልኩ። ከጣቶቿ ሥር ምንም አልተነቃነቀም። እንባዬ ብቻ ይወርዳል። ብዙ ቆይታ ገባት።

"ማን አደረገብሽ?" ብላ ጮኸች።

ወደ ራሴ ጠቆምኩ።

"ምነው ልጄ? ምን ጎደለሽ?"

ለዚህ መልስ የሚሆን ምልክት አልነበረንም።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ጨጓራዋ ላይ ዕጢ ተገኘባት፤ ወደ ጉበቷም ሄዷል። ሐኪሙን "ከሁለት ወር በፊት ባመጣት ኖሮስ?" አልኩት። ከወረቀቱ ቀና ሳይል "ይሄ የቆየ ነገር ነው፤ አይለውጠውም ነበር" አለኝ። ያለው እውነት ይሆናል። እኔን የሚቆረቁረኝ ግን እነዚያን ቀናት ብቻዋን መታመሟ ነው፤ ያውም የተጠላች መስሏት።

ከዚያ በኋላ ግንባሬ ቀስ በቀስ ይነቃነቅ ጀመር፤ መጀመሪያ የግራው ቅንድብ። እናቴ በየጠዋቱ በጣቷ እየነካች ታየው ነበር። አንድ ቀን "ዛሬስ መጣ" ብላ ፈገግ አለችልኝ። ያኔ ግን የምጠይቃት ብዙ አልቀረም፤ ሕመሟ ሳትነግረኝም ይታየኛል። ሰኔ እንደገባ አረፈች።

ከአርባዋ በኋላ ወደ ሱቁ ተመለስኩ። መስመሮቹ ከድሮው ጠልቀዋል። የሱቁ ባለቤት ጥቂት ቀን ታገሰችኝና፣ "አሁንስ አትደግሚውም?" አለችኝ። እምቢ የምላት መስሎኝ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ቤቴል ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ ዛሬም በትክክል አላውቅም፤ ቤት ውስጥ ፊቴን አይቶ የሚመልስልኝ ሰው ስለሌለ ይሆናል። ሐኪሟ ጥቁር ልብሴን አይታ "እግዚአብሔር ያጽናዎት፤ ማን ሞተብዎት?" አለችኝ። "እናቴ" አልኩና ወንበሩ ላይ ጋደም አልኩ።